የመሰነባበቻዋ ሩብ ሰዓት

ከሥራ የወጣሁት በጉልበቴ ምክንያት ነው። ሞግዚት ከልጅ ጋር መሬት ላይ ቁጭ ትላለች፣ ትነሣለች፣ ደግሞ ቁጭ ትላለች። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ቁጭ ካልሁበት ለመነሣት ግድግዳ ይዤ ስታገል የምጠብቃት ሕፃን ቆማ አየችኝና እጇን ዘረጋችልኝ። ልታነሣኝ ነው! እናቷ ስትመጣ «በቃኝ» አልኋት። ጠባቂና ተጠባቂ ቦታ ከተለዋወጡ ገንዘብ መቀበል ነውር ነው ብዬ ቀለድሁ። እሷ ግን አለቀሰች፤ እኔም አላስችል አለኝ።

ቤቴ ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ነው፣ አንዲት ክፍል ከነበረንዳዋ። አሁን በረንዳዬ ላይ የሚሰበሰቡት በየሰው ቤት እየተመላለሱ ልጅ የሚጠብቁ ወጣት ሴቶች ናቸው። ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «እትዬ ብርቄ፣ በሰዓት ስንት ልበላቸው?» መልሱ ቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ ነግሬያቸው ይሄዱ ነበር። ቁጥሩን እዚህም አልጽፈውም፤ ለከርሞ ይለወጣል። የምጽፈው እንዴት እንደሚወጣና ሳይወጣ ሲቀር ምን እንደሚያስከትል ነው። ያስከተለውን እኔ አይቻለሁና።

ወደ ባሕር ዳር የመጣሁት ከቆላ ድባ ነው፣ ገና ልጅ እግር ሳለሁ። መጀመሪያ የገባሁት በአንድ መሪጌታ ቤት በአዳሪነት ነበር። መሪጌታም ባለቤታቸውም ደግ ሰዎች ነበሩ። «ልጃችን ነሽ» አሉኝ። ልጅ ደግሞ ደመወዝ አይጠይቅም። ለፋሲካ ቀሚስ፣ ለመስቀል ነጠላ ይገዙልኝ ነበር፤ እኔም ሦስት ልጆች አሳደግሁላቸው። ሌሊት ሲያለቅሱ የምነሣው እኔ፣ ቀን ሲስቁ የማየውም እኔ ነበርሁ። ተከፋሁ ማለቴ አይደለም፤ ትልቁ ዛሬ ቄስ ሆኖ መስቀል ሲያሳልመኝ ደስ ይለኛል። ሥራዬ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ ግን በዚያ ቤት ማንም አስቦት አያውቅም፣ እኔም ራሴ።

እትዬ ውድነሽን ያገኘኋቸው ከዚያው ቤት አጥር ወዲያ ነው። ጎረቤቶቻችን ሁለቱም የፋብሪካ ሠራተኞች ስለነበሩ ፈረቃቸው ሲገጣጠም ልጃቸውን የሚይዝ ሰው ይፈልጉ ነበር። እትዬ ውድነሽ ለዚያች ሰዓት መጥተው ሲያበቁ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ተመላላሽ ሞግዚት ያን ጊዜ ለሰው እንግዳ ነገር ነበር። የመሪጌታ ባለቤት እንኳ «ይቺ ሴትዮ ቤት የላትም እንዴ፣ ለምን አታድርም?» ይሉ ነበር። ቤት ስላላቸው ነበር የማያድሩት።

እኔ በአጥሩ ቀዳዳ እያጮለቅሁ ሥራቸውን አያለሁ። ሲገቡ ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ይታጠባሉ። ከዚያ ልጁን አንሥተው ያቅፉታል ብዬ ስጠብቅ አያቅፉትም፤ ዞር ብለውም አያዩትም። ምንጣፉ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አድርገው ይቀመጡና ከጉያቸው አንድ ሻሽ አውጥተው ያጥፋሉ፣ ይፈታሉ፣ መልሰው ያጥፋሉ። ልጁ መጀመሪያ የእናቱን ቀሚስ ይዞ ያያቸዋል። ትንሽ ቆይቶ ጠጋ ይላል። በመጨረሻ ሻሹን ይነጥቃቸዋል፤ ያን ጊዜ ነው ቀና ብለው የሚያዩትና የሚስቁለት።

በኋላ ስንግባባ ምክንያቱን ጠየቅኋቸው። «አንቺ ልጅ፣ ሕፃን ላይ አትሂጅበት፤ እሱ ይምጣልሽ» አሉኝ። «ሮጠሽ ያቀፍሽው ልጅ የእናቱን መሄድና የአንቺን መምጣት አንድ አድርጎ ይይዘዋል። ከዚያ ወዲህ አንቺን ባየ ቁጥር ይጮኻል።»

ሌላው ልማዳቸው እናቶችን ያስቆጣ ነበር። በእኛ አገር እናት ልጇን ጥላ ስትወጣ መሸወድ የተለመደ ነው። «ወፏን እያት፣ ወፏን እያት!» ትባላለች ልጅት፤ ዞር ስትል እናት በጓሮ ሹልክ። እትዬ ውድነሽ ይህን አይቀበሉም። «ልጁ ፊት ቁመሽ እሄዳለሁ በይው። ምሳህን በልተህ፣ ተኝተህ ስትነሣ እመጣለሁ በይው» ይላሉ። «ያለቅሳላ!» ስትል እናት፣ «ያልቅስ፤ እኔ የመጣሁት ለዚያ አይደል?» ይሏታል። እውነትም ይጮኻል። እሳቸው አቅፈው፣ «እሹሩሩ»ም «ዝም በል»ም ሳይሉ፣ «ሄደች፤ ትመጣለች» እያሉ ከበር እስከ መስኮት ይመላለሳሉ። ከጊዜ በኋላ ልጁ እናቱ ስትወጣ እጁን ማወዛወዝ ጀመረ። የተሸወዱት ልጆች ግን እናታቸው ሽንት ቤት ስትሄድ እንኳ ተከትለው ይንጫጫሉ።

ይህችን የመሰነባበቻ ሩብ ሰዓት እትዬ ውድነሽ ከሥራ ሰዓታቸው ይቆጥሯታል። ሲመጡ እናት ቤት ውስጥ እያለች ያቺ ሩብ ሰዓት አለች፤ እናት ስትመለስም ሌላ ሩብ ሰዓት አለች፣ ልጁ ከእሳቸው እጅ ወደ እናቱ እጅ እስኪሻገር። «ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው፤ እሱን በነጻ ከሠራሁ ቀሪው ምን ሥራ አለው?» ይሉ ነበር።

ዋጋቸውንስ? ዋጋቸውን የሚናገሩት ቆመው ነው። አዲስ ቤት ሲሄዱ «ቁጭ ይበሉ» ሲባሉ አይቀመጡም፤ «ትንሽ ይቅመሱ» ሲባሉ አይቀምሱም። መጀመሪያ ሰዓቱንና ዋጋውን ተነጋግረው ነው የሚቀመጡት። የሰዎቹን እንጀራ ከበሉ በኋላ አፋቸው እንደሚያያዝ ያውቁ ነበር። የአንድ ሰዓታቸው ልክ ደግሞ የአንድ ሳህን ሽሮ ዋጋ ነበር፣ ሠራተኛ በሚበላበት ምግብ ቤት፣ ከነእንጀራው። «ሽሮ ሲወደድ እኔም እወደዳለሁ፤ ክርክር ካለ ባለ ምግብ ቤቷን ጠይቁ» ይላሉ። ሰው ይስቅና ይስማማል።

ይህን ሁሉ አይቼ፣ ሰምቼ፣ ተማርሁ ብዬ ከመሪጌታ ቤት ወጥቼ ተመላላሽ ሆንሁ። እትዬ ውድነሽ ወደ መጀመሪያው ቤት ሲልኩኝ የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሳትነጋገሪ አትቅመሺ።»

ቤቱ ሐይቁ አጠገብ ነበር፣ አረንጓዴ የብረት በር ያለው። የቤቱ እመቤት ሰናይት የኮሌጅ መምህርት ነበረች። የሄድሁት ከወለደች በሁለተኛው ሳምንት ነበር፤ ፈቃዷ ሲያልቅ ልጇን የሚይዝላት ፈልጋ። ስገባ አራሷ አልጋዋ ላይ፣ ዘመዶቿ ዙሪያዋን፣ መካከል ላይ ገንፎው ከነቅቤው ይጨሳል። «እንኳን ማርያም ማረችዎ» አልሁ። ወዲያው ማንኪያ ሰጡኝ። እንግዲህ የአራስ ቤት ገንፎ እምቢ ይባላል? ቆሜ ዋጋ ልናገርን? እንደዚያ ያለ ነውር ከቆላ ድባ እስከ መራዊ አልተሰማም። ተቀመጥሁ፣ በላሁ። ገንፎው ደግሞ ይጥማል፣ ምን ላድርግ።

ከበላሁ በኋላ ሰናይት «ስንት ልክፈልሽ ብርቄ?» አለችኝ።

«እትዬ፣ እርስዎ ያሉትን» አልሁ።

«ኧረ አንቺ ንገሪኝ።»

«ኧረ የሰጡኝን።»

«እንግዲህ እኅቴ ነሽ፤ አንከፋፋም» አለችና ነገሩ በዚያው አለቀ። ሰዓትም አልተባለ፣ ዋጋም አልተባለ።

ሕፃኗ ሕሊና ትባላለች። ብዙ ልጆች አሳድጌያለሁ፤ አንዱን ከአንዱ አላበላልጥም ስል እዋሻለሁ። ሕሊናን አበላልጫለሁ። ስትተኛ መዳፌን ሆዷ ላይ አድርጌ ትንፋሿ እስኪረጋ እጠብቅ ነበር። መሄድ ስትጀምር ሐይቁ ዳር እወስዳት ነበር። ውኃ አጠገብ ልጅ በጣቱ አይያዝም፣ ጣት ያመልጣል፤ የእጅ አንጓ ነው የሚያዘው። አንጓዋን ይዤ ታንኳ የሚቀዝፉትን ዓሣ አጥማጆች «ደህና ዋሉ!» እንላቸዋለን፤ እነሱም መቅዘፊያቸውን ከፍ ያደርጉልናል።

ሰናይት መልካም ሰው ነበረች። ግን ሰዓት ስላልተባለ ሰዓቱ ተለጠጠ። እስከ ምሳ የነበረው እስከ ዘጠኝ፣ ከዚያ እስከ ማታ ሆነ። ከሰዓት በኋላ የምሄድበት ሌላ ቤት ነበረኝ፤ ሁልጊዜ ስለማረፍድ ሌላ ሰው ያዙ። ለሰናይት ይህን አልነገርኋትም፤ እኅቴ ነሽ ላለችኝ ሴት ምን ብዬ? እሷም በበኩሏ ማርፈዷን ታውቃለች፤ ትሳቀቃለች። ስትገባ ፊቴን ለማየት እየፈራች አንዳንዴ ስኳር፣ አንዳንዴ ሳሙና ታሸክመኝ ነበር። እኔ ስኳሩን ሳይ እሳቀቃለሁ፤ እሷ እኔን ስታይ ትሳቀቃለች። እንዲህ ሆነን ሦስት ዓመት ሊሞላን ቀረበ።

አንድ ጥምቀት ሰሞን ሰናይት የመሳፈሪያና አዲስ ነጠላ ሰጠችኝ። «እስቲ አገርሽን ደርሰሽ ነይ፤ ደክሞሻል» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ሄድሁ። የወጣሁት ሕሊና እንቅልፍ ላይ ሳለች ነው፤ በቶሎ እመለሳለሁና አልቀሰቀስኋትም። ስመለስ ለሕሊና የሽምብራ ቆሎ ቋጥሬ መጣሁ። አረንጓዴውን በር የከፈተችልኝ የማላውቃት ልጅ ነበረች።

ሰናይት ከቤት ወጥታ ደጃፉ ላይ አቆመችኝ። ዓይኗን መሬት መሬት እያደረገች «አክስቴ ከመራዊ ላከችልኝ፤ አዳሪ ናት። እምቢ ማለት አቃተኝ። አንቺንም በጣም አስቸገርሁሽ» አለችኝ።

«ምንም አይደል እትዬ። ሕሊናን ልያት?»

«ባታይሽ ይሻላል፤ ታለቅሳለች።»

ቆሎውን ሰጥቻት ተመለስሁ። ያን ያህል የተማርሁትን ሁሉ ጥዬ፣ ሹልክ እንዳለች እናት፣ ወጣሁ። ጥቂት ቆይቶ የዚያ ሰፈር ባለ ሱቅ አግኝቶኝ «ምነው ጠፋሽ? ልጅቷ ጠዋት ጠዋት በሩን ይዛ ትቆማለች፤ ሊያስገቧት ሲሉ በሩን ታንቀጠቅጠዋለች» አለኝ።  እየሄድሁ አልቅሼ ሐይቁ ዳር ደረስሁና ፊቴን ታጠብሁ።

እትዬ ውድነሽ ጋ ሄጄ ስነግራቸው አልተቆጡኝም። «ገንፎው ነው» አሉ። ከዚያም «ዋጋ ብትነጋገሩ ኖሮ ‹ከነገ ወዲያ እስከ ምሳ ብቻ ነው የምፈልግሽ› ማለት ትችል ነበር። አንቺም ‹ሌላ ቤት አለብኝ› ትያት ነበር። እኅትማማቾች ስለሆናችሁ ማን ምን ይበል?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ነው እልኸኛ የሆንሁት። አዲስ ቤት ስሄድ አራስ ካለች ደጃፍ ላይ ቆሜ ሰው አስጠርቼ እነጋገራለሁ፤ ከዚያ ገብቼ ገንፎዬን እበላለሁ። በረንዳዬ ለሚመጡት ሴቶችም ልኩን እንዲህ እያልሁ አስረዳቸዋለሁ። የአዳሪን ወርኃዊ ደመወዝ ለሰዓት አካፍለው ቢሰጧችሁ እሺ አትበሉ፤ አዳሪዋ እዚያው ትበላለች፣ እዚያው ትተኛለች። እናንተ የቤት ኪራይ አለባችሁ፣ የባጃጅ አለባችሁ፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የምትሄዱበትን ሰዓት ማንም አይከፍላችሁም። ያ ሁሉ የሰዓት ዋጋችሁ ውስጥ መግባት አለበት። ሁለት ልጅ ከሆነ እጥፍ አትጠይቁ፣ እኩሌታ ጨምሩ፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸውም ይጫወታሉ። ልብስ እጠቢ ካሏችሁ ያ ሌላ ሥራ ነው፤ እጃችሁ አረፋ ውስጥ ከሆነ ዓይናችሁ ልጁ ላይ አይደለም።

ስለ እንቅልፍ ያልተከራከረኝ አሠሪ የለም ማለት ይቻላል። አንዱ የሒሳብ ባለሙያ «ሲተኛ ለምን እከፍላለሁ?» አለኝ። «እሺ፣ ሲተኛ ልሂድና ሲነቃ ይደውልልኝ» አልሁት። ልጁ ገና ዳዴ የሚል ነው። አባትየው ሳቀና ከፈለ፤ ጥሩ ሰው ነበር፣ ሽሮ በተወደደ ቁጥር ቀድሞኝ የሚሰማው እሱ ነበር።

ሥራ ካቆምሁ በኋላ የወንድሜ ልጅ ጥሩወርቅ ከእኔ ጋር ትኖራለች። የእኔን ሙያ ይዛለች፤ ከልጅ ጋር መቀመጥ ታውቅበታለች፣ ዋጋ መናገር ግን አትችልም። ሁለት ቤት «የሰጣችሁኝን» ብላ ገብታ ሁለቱም ቤት ሰዓቷን በልተውባታል። በተመላላሽነት ኑሮዋን ካልቻለች አዳሪ ልትገባ ነው፤ አዳሪ ከገባች ደግሞ የማታ ትምህርቷ ይቀራል። አሳቤ እሷ ነበረች።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ወጣት ሴት በረንዳዬ ላይ መጣች፣ የቢሮ ሠራተኛ፣ ጫማዋ የተወለወለ። «እትዬ ብርቄ እርስዎ ነዎት? እናቴ ፈልጊያቸው አለችኝ። ግማሽ ቀን ስሠራ ልጄን የሚይዝልኝ ተመላላሽ እፈልግ ነበር። ሕሊና እባላለሁ፣ የሰናይት ልጅ» አለች።

አላወቀችኝም። እንዴት ታውቀኛለች፣ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ማዘኔን አልደብቅም፤ ግን ቀለል ደግሞ አለኝ። በሩን ይዛ መቆሟንም አታስታውስ ይሆናል ብዬ።

በማግስቱ ከጥሩወርቅ ጋር ሄድን። ያው አረንጓዴ በር፣ ቀለሙ ብቻ ተልጧል። ሰናይት ፀጉሯ ሸብቷል፤ ወገቧን ያማታል፣ የልጅ ልጇን ማንሣት አትችልም። አቅፋ ሳመችኝ፣ ደጋግማ ሳመችኝ። ጠረጴዛው ላይ ዶሮ ወጥ ቀርቧል። «ቁጭ በሉ፣ መጀመሪያ ቅመሱ፤ ወሬው ይደርሳል» አለች።

ጥሩወርቅ ወንበሩን ይዛ እኔን አየችኝ። ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛል። አፌ ላይ የመጣው «ሕሊናዬ፣ አንቺ ልጄ ነሽ፤ ምን ዋጋ አለው» የሚል ነበር፤ እውነትም ነበር። እሱን ብናገር ግን የምትከፍለው ጥሩወርቅ ናት።

ቆሜ ተናገርሁ። «እትዬ ሰናይት፣ እንቀምሳለን። ግን እንነጋገር መጀመሪያ። የአንድ ሰዓት ዋጋ አንድ ሳህን ሽሮ ነው። ሲተኛም ይቆጠራል። ሕሊና፣ አንቺ ስትወጪ ሩብ ሰዓት፣ ስትመለሺም ሩብ ሰዓት አለ፤ እሱም ይቆጠራል። ከምሳ በኋላ ጥሩወርቅ ትምህርቷን ታጠናለች፣ ማታ ትማራለች፤ ከስምንት ሰዓት አታልፍም።»

ሕሊና ፈገግ አለች። «ዘግይቼ ከመጣሁስ እትዬ?»

«ቀድመሽ ከደወልሽ ሰዓቱን ትከፍያለሽ። ካልደወልሽ አንድ ተኩል አድርገሽ ትከፍያለሽ።»

«ይሄማ ጥሩ ነው! እኔም እኮ ምን ብዬ እንደምጠይቅ ጨንቆኝ ነበር፤ አሁን ስፈልግ ሳልሳቀቅ እደውላለሁ» አለችና ጥሩወርቅን «ተስማማሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ጥሩወርቅ «አዎ፣ ተስማማሁ» አለች፣ ድምፅ አውጥታ።

ሰናይት ቆማ ነበር። ዝግ ባለ ድምፅ «ያን ጊዜ እንዲህ ብትነግሪኝ ኖሮ» አለች።

«እርስዎም ቢነግሩኝ ኖሮ» አልኋት።

«ልጅቷ በሩን ይዛ ስትቆም መስኮት ላይ ሆኜ አይ ነበር፣ ብርቄ። ሰው ልልክብሽ ፈልጌ አፈርሁ» አለችና ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ሕሊና እናቷን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፤ ነገሩ አልገባትም፤ እኛም አላብራራንላትም። ተቀምጠን በላን። ወጡ ትንሽ ጨው በዝቶበታል።

ሥራው በተጀመረበት ቀን ጥሩወርቅን ላስለምድ አብሬያት ሄድሁ። ጥሩወርቅ ምንጣፉ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ ሻሽ ታጥፋለች። ሕፃኑ ናሆም እየዳኸ መጥቶ ሻሹን ነጠቃት። ሰናይት የድሮ ልማዷ መጥቶባት ሕሊናን በዓይኗ ጠቀሰቻት፤ አሁን ውጪ፣ አላየሽም ማለቷ ነው። ሕሊና ቦርሳዋን ይዛ እስከ በሩ ሄደችና ተመለሰች፤ ሹልክ እንዳትል የነገርኋትን አልረሳችም። ልጇ ፊት ቁጢጥ ብላ «ናሆሜ፣ ልሄድ ነው። ምሳህን በልተህ ተኝተህ ስትነሣ እመጣለሁ» አለችው። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ጥሩወርቅ አቀፈችውና «ሄደች፤ ትመጣለች» እያለች ከበር እስከ መስኮት መመላለስ ጀመረች።

በስምንት ሰዓት ሕሊና ተመለሰች፤ ልጇም ከእጅ ወደ እጅ ተሻገረ። ከዚህ በኋላ እኔ አላስፈልግም ነበር። ነጠላዬን ለበስሁና አረንጓዴው በር ላይ ስደርስ ቆምሁ። ሕሊና ልጇን አቅፋ ልትሸኘኝ ተከትላኝ ነበር። ሰናይት ከበስተኋላዋ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

ዞርሁና ከሕሊና ፊት ለፊት ቆምሁ። የእጇን አንጓ ያዝሁ፤ ለምን አንጓዋን እንደያዝሁ እኔም አላወቅሁም።

«ሕሊናዬ፣ ልሄድ ነው» አልኋት። «ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ።»

«እሺ እትዬ፣ ቅዳሜ» አለች እየሳቀች። ሰናይት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

መንገዱ መታጠፊያ ላይ ስደርስ መለስ ብዬ አየሁ። ሕሊና የልጇን እጅ ይዛ አወዛወዘችልኝና በሩን ዘግታ ገባች። ቆማ አልጠበቀችኝም፤ መቼ እንደምመጣ ታውቃለችና።